ከ«እሱ» እስከ «እሳቸው»፦ ቁም ነገር ስለተሰጠው ልጅ

አማርኛችን ለልጅ ሁለት ፊት አለው። በአንደኛው ፊቱ «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይላል፤ «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» ብሎም ይሳለቃል። በሌላው ፊቱ ግን የመሳፍንትን ልጅ በማዕረግ ለመጥራት ሲፈልግ ከዚያችው ቃል የተሻለ አላገኘም፤ «ልጅ ኢያሱ» ይላል። የእልፍኝ አገልጋይ የሆነውን ወጣት የሚጠራባትን «ብላቴና» የምትለዋን ቃል አንሥቶም «ብላታ»፣ «ብላቴን ጌታ» የሚሉ የሹማምንትና የሊቃውንት ማዕረጎች ሠርቶባታል። ቋንቋው ራሱ በልጅ ነገር ሁለት ልብ ነው ማለት ነው፤ አንድ ጊዜ ያቦካውን አያምንለትም፣ ሌላ ጊዜ ስሙን ማዕረግ ያደርግለታል።

ከዚህ ሁለት ልብነት ውስጥ አንድ ጥያቄ ይወጣል። ሰው በልጅነቱ ቁም ነገር ቢሰጠው፣ ማለትም ቃሉ ቢሰማለት፣ ጥያቄው መልስ ቢያገኝ፣ ሥራ በእምነት ቢጣልበት፣ ያ ነገር በጎልማሳነቱ ምን ሆኖ ይወጣል? መልሱን ለመፈለግ ሩቅ አገር መሄድ አያሻም። አዲስ አበባ፣ ልደታ፣ ሰንጋ ተራ ድረስ መሄድ ይበቃል።

ሰንጋ ተራ ስሟን ያገኘችው ከከብት ገበያ ነው። ዛሬ ሰንጋው የለም፤ በቦታው የባንክና የመድን ድርጅቶች ፎቆች ቆመውበታል። ክፍለ ከተማዋ የምትጠራበት ልደታ ደግሞ የእመቤታችን ልደት ነው፤ በየዓመቱ ግንቦት 1 ቀን የሚከበረው የአንዲት ሕፃን መወለድ ነው። አጎራባቿ ቂርቆስም የተሰየመችው በሕፃን ነው። የቤተ ክርስቲያን ትውፊት እንደሚተርከው ቂርቆስ የሦስት ዓመት ልጅ ሳለ ከእናቱ ከኢየሉጣ ጋር ለሰማዕትነት የበቃ፣ በእሳቱ ፊት የፈራችውን እናቱን ያጽናና ሕፃን ነው። ከሁለት ሕፃናት ስም መካከል የተቀመጠችው ሰንጋ ተራ አንድ ሌላ ልጅም በጉያዋ አላት። ከእርሷ ብዙም ሳይርቅ፣ እዚያው ልደታ ውስጥ፣ የደጃዝማች ባልቻ መታሰቢያ ሆስፒታል አለ።

ታሪኩ ከሶቪየት ቀይ መስቀል ጋር የተሳሰረው ይህ ሆስፒታል በከተማው አፍ «ባልቻ» ብቻ ነው። እናት ምጥ ሲይዛት «ባልቻ ውሰዱኝ» ትላለች፤ አስታማሚው ምሳ ዕቃውን ይዞ «ባልቻ ልሄድ ነው» ይላል። ስሙ የማን እንደሆነ ቢጠየቅ ብዙ ሰው የዓድዋን መድፈኛ ያስታውሳል። የዚያ መድፈኛ ታሪክ የሚጀምረው ግን ቆስሎ መሬት ላይ ከወደቀ ልጅ ነው። የሆስፒታሉን ስም ከባለ ስሙ ልጅነት ጋር አጣጥሞ ያየ ሰው፣ የቁስለኛ ልጅ ስም ለቁስለኞች መጠጊያ መዋሉን ልብ ይላል።

ባልቻ ሳፎ የሶዶ ጉራጌ ምድር ልጅ ነው። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ግዛታቸውን ወደ ደቡብ በሚያሰፉበት ዘመን በተደረገ ውጊያ ገና በልጅነቱ ቆሰለ፤ ተሰለበም። ምኒልክ በጦር ሜዳው ከወደቁት መካከል አዩት፤ አዘኑለት፤ እንዲነሣና እንዲታከም አደረጉ፤ ወስደውም በቤተ መንግሥታቸው አሳደጉት። በቃልም በጽሑፍም የሚተረከው ታሪክ ይህ ነው። እዚህ ላይ አንድ መራራ ነገር ሳይሸፋፈን መነገር አለበት። ልጁን ያቆሰለው ጦርነትና ልጁን ያነሣው እጅ የአንድ ዘመቻ ሁለት ገጾች ናቸው። ባልቻ ቀዬውን፣ ወገኑን፣ አባት የመሆን ተስፋውን ያጣው በዚያው ዘመቻ ነው። ስለዚህ ታሪኩ በደግ ንጉሥ ተረት መልክ ሊነገር አይችልም።

እስከዚህ ድረስ ያለው ርኅራኄ ይባላል። ነገሩ በርኅራኄ ብቻ ቢያበቃ ኖሮ ልጁ በእልፍኝ ጥግ ውሃ አቅራቢ፣ እግር አጣቢ ሆኖ ዕድሜውን በፈጀ ነበር። በዚያ ዘመን በየመኳንንቱ ቤት እንዲህ ሆነው የቀሩ፣ ስማቸው በየትኛውም ብራና ያልሰፈረ ምርኮኛ ልጆች ብዙ ናቸው። የባልቻ መንገድ ግን ወደ ሌላ አቅጣጫ ሄደ። ልጁ አደገ፤ ታመነ፤ በጅሮንድ ሆነ። በጅሮንድ ማለት የንጉሥ ግምጃ ቤት ሹም ማለት ነው፤ የመንግሥቱ ወርቅና ብር፣ ማርና ሰም፣ ጥይትና ጠመንጃ በእጁ የሚያልፍ ሰው። ራቁቱን ከሜዳ የተነሣ ልጅ የአገሪቱን ሀብት ቁልፍ ያዘ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የምኒልክን መድፈኞች የመሩትም በጅሮንድ ባልቻ ነበሩ።

አንባቢ ልብ ብሎ ከሆነ ባለፈው ዓረፍተ ነገር ግሡ ተለውጧል። አማርኛ ስለ ሰው ሲተርክ የማያመልጠው አንድ ግዴታ አለበት፤ በእያንዳንዱ ግሥ ላይ ሰውየውን ማክበር ወይም አለማክበር። ሌሎች ብዙ ቋንቋዎች ይህን ምርጫ አልፈውት ይሄዳሉ፤ እኛ አንችልም። የባልቻን ታሪክ የሚጽፍ ሁሉ «ወደቀ፣ ተነሣ፣ አደገ» እያለ ጀምሮ አንድ ቦታ ላይ «ተሾሙ፣ ዘመቱ፣ ገዙ» ወደ ማለት ይሻገራል። ብዕሩ ከ«እሱ» ወደ «እሳቸው» የሚዞረው የት ላይ ነው? አብዛኞቻችን የምንሻገረው ሹመቱ ላይ ነው፤ በጅሮንድ ሲሆን፣ ወይም ደጃዝማች ሲሆን። ነገር ግን ሹመቱ ከየት መጣ? ገና «እሱ» ሳለ፣ ገና ማንም አንቱ ሳይለው፣ የሆነ ሰው እንደ ትልቅ ሰው አይቶት ስለነበር አይደለምን? አክብሮቱ ከሹመቱ ቀድሟል። ግሡ ግን ዘግይቶ ደረሰ።

ምኒልክ በወደቀ ልጅ ውስጥ ሰው ያዩት ለምንድን ነው? የራሳቸውን ልጅነት የሚያውቅ ሰው በዚህ ብዙም አይደነቅም። ምኒልክ የተወለደው በነሐሴ 1836 ዓ.ም. ነው። በ1848 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ሲይዙና አባቱ ንጉሥ ኃይለ መለኮት ሲሞት፣ አሥራ አንድ ዓመት የሞላው ልጅ ምርኮኛ ሆኖ ወደ ሰሜን ተወሰደ። በመቅደላ አምባም ታግቶ አደገ። ቴዎድሮስ ለጠላታቸው ልጅ የሚያደርጉትን ሁሉ ሊያደርጉበት ይችሉ ነበር። ያደረጉት ግን ሌላ ነው፤ እንደ ልጅ አሳደጉት፤ የደጃዝማችነት ማዕረግ ሰጡት፤ ልጃቸውን ወይዘሮ አልጣሽንም ዳሩለት። ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጦ ሸዋ ሲገባ የሸሸው ከእስር ብቻ አልነበረም፤ መንግሥት እንዴት እንደሚሠራ ለአሥር ዓመት ያህል በቅርብ ካየበት ትምህርት ቤትም ጭምር ነው።

ሰንሰለቱን አንድ ቀለበት ወደ ኋላ ብንስበው ቴዎድሮስ ራሳቸው ይመጣሉ። ካሣ የተባለው ልጅ በጣና አካባቢ በገዳም ትምህርት ላይ ሳለ ገዳሙ ተወረረ፤ ብዙ የትምህርት ጓደኞቹ ተገደሉ፤ እሱ ሸሽቶ ተረፈ። ከወረራ የተረፈው ልጅ ንጉሠ ነገሥት ሆኖ ምርኮኛውን ልጅ አሳደገ፤ ምርኮኛው ልጅ ንጉሥ ሆኖ የቆሰለውን ልጅ አነሣ። በልጅነት የተሰጠ ክብር እንደ ብድር ነው። ለአበዳሪው አይመለስም፤ ወደ ፊት፣ ገና ላልመጣው ሰው ይከፈላል።

በዚህ መንገድ ያደጉት ባልቻ ብቻ አይደሉም። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴም በልጅነታቸው ተማርከው ወደ ምኒልክ ቤት የገቡ ናቸው። ፊደል ያልቆጠሩ ሲሆኑ በዳኝነታቸውና በአስተዋይነታቸው ስማቸው አገር ሞላ፤ በፈረስ ስማቸው «አባ መላ» ይባሉ ነበር። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ የጦር ሚኒስትር የሆኑት እሳቸው ናቸው፤ እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ 1919 ዓ.ም. ድረስም በመንግሥቱ ጉዳይ ቃላቸው የማይታለፍ ሰው ሆነው ኖረዋል። ተማርኮ የመጣ ልጅ የአገር ዳኛ እስከ መሆን የደረሰው በምን ትምህርት ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው የዚያን ዘመን ቤተ መንግሥት አሠራር ማስታወስ አለበት። ችሎት ሲዋል ብላቴኖች ቆመው ይሰማሉ፤ ከሳሽና ተከሳሽ ሲከራከሩ፣ አንደኛው በነገር ሲረታ፣ ዳኛው ፍርዱን በምን ቃል እንደቋጨው ያያሉ። ማታ ደግሞ መልእክት ይዘው ይላካሉ። የሰሙትን ሳያዛንፉ ካደረሱ በማግሥቱ የከበደ መልእክት ይሰጣቸዋል። ፊደል ባይቆጠርም የሚቆጠር ነገር ነበረ።

በቤተ ክህነቱም በኩል ተመሳሳይ ሥርዓት እናገኛለን። የቅኔ ተማሪ፣ አሥራ ሁለትና አሥራ ሦስት ዓመት የሆነው ልጅ ቢሆንም፣ የሌሎችን ቅኔ ሸምድዶ ብቻ አይኖርም። ራሱ ይቆጥራል፤ የቆጠረውንም በመምህሩ ፊት ቆሞ ይናገራል። መምህሩ ያደምጣል፤ ያርማል፤ ምሥጢር ካገኘበት ያደንቃል፤ ካላገኘበትም ይነቅፋል። አኩፋዳ ያነገተ፣ ቁራሽ ለምኖ የሚያድር ልጅ፣ አገር የሚያከብረው ሊቅ ቁጭ ብሎ የሠራውን ይሰማለታል። ለሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የቅኔ ባህላችን እስከ ዛሬ ያልነጠፈበትን ምክንያት ስንፈልግ ከሊቃውንቱ ጥበብ ጎን ይህን ሥርዓት ማኖር ይገባናል። ልጁ የሚሠራው ነገር ገና ከጅምሩ ሥራ ተብሎ ይቆጠራል።

ቁም ነገር መስጠትና መውደድ አንድ እንዳልሆኑ የሚያስረዳን ደግሞ የሌላው የመቅደላ ልጅ ታሪክ ነው። ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. አባቱ ራሳቸውን ሲሠዉ ሰባት ዓመት ገደማ ነበር። እንግሊዞች ከእናቱ ከእቴጌ ጥሩወርቅ ጋር ወሰዱት፤ እናቱ ከአገር ሳትወጣ በመንገድ አረፈች፤ ልጁ ብቻውን ባሕር ተሻገረ። ንግሥት ቪክቶሪያ አዘነችለት፤ ወደደችውም። ፎቶግራፍ ተነሣ፤ ጋዜጦች ጻፉለት። ከሁሉም የቀረበው ሰው አማርኛ የሚያውቀው ካፒቴን ስፒዲ ነበር። ይሁን እንጂ መንግሥቱ የልጁን ዕጣ በጠረጴዛ ዙሪያ ሲወስን የልጁ ልብ አልተጠየቀም። ከስፒዲ ለዩት፤ ትምህርት ቤት አስገቡት፤ ከዚያም ወደ ሌላ፣ ከዚያም ወደ ወታደር ትምህርት ቤት። በኅዳር 1872 ዓ.ም. ገና በአሥራ ስምንት ዓመቱ በሊድስ ከተማ ሞተ። አስከሬኑ ዊንዘር ግቢ ውስጥ አረፈ። በ2015 ዓ.ም. አጽሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ የቀረበውን ጥያቄም ቤተ መንግሥቱ ሳይቀበለው ቀርቷል።

ምኒልክና ዓለማየሁ የአንድ አምባ ልጆች ናቸው። ሁለቱም ተማርከዋል፤ ሁለቱም በማረኳቸው ሰዎች ዘንድ ደግ ፊት አይተዋል። ምኒልክ ግን ማዕረግ ተሰጥቶት፣ ትዳር ይዞ፣ ሲነጋገሩ እየሰማ አደገ፤ ጊዜው ሲደርስ የሚሄድበትን ራሱ መረጠ። ዓለማየሁ እንደ ውድ ዕቃ ተጠበቀ። የተወደደ ልጅና የተሰማ ልጅ ልዩነታቸው እዚህ ላይ ነው፤ የመጀመሪያው ይለቀስለታል፣ ሁለተኛው ይጠየቃል።

እዚህ ላይ ነገሩን ብናቆመው ደስ ባለን ነበር፤ ታሪክ ግን አይፈቅድልንም። ቁም ነገር የተሰጠው ልጅ ሁሉ ለሌሎች ቁም ነገር ይሰጣል ማለት አይደለም። ደጃዝማች ባልቻ ሲዳሞንና ሐረርን በገዙበት ዘመን የሚታወሱት በታማኝነታቸውና በድፍረታቸው ብቻ አይደለም፤ በእጃቸው ጽናትም ነው። ከገባሩ ደጅ የተቀመጠው ልጅ፣ አባቱ ለነፍጠኛው ሲያርስና ሲሸከም የሚያየው ልጅ፣ ባልቻ ራሳቸው በሜዳ ላይ የነበሩበትን ዕድሜ የያዘ ልጅ ነበር። እሱን ማን አነሣው? በልጅነታቸው የተሰጣቸው ክብር ባልቻን ለጌታቸው ቤት ብረት አደረጋቸው፤ ለገባሩ ግን ልባቸውን አላለሰለሰውም። የተቀበሉት ብድር ወደ ላይ፣ ወደ ምኒልክ ዙፋን ብቻ ተከፈለ።

ያ ብረትነት በ1920 ዓ.ም. ፈተና ላይ ወደቀ። የምኒልክ ልጅ ንግሥት ዘውዲቱ በዙፋን ላይ ሳሉ የአልጋ ወራሹ የራስ ተፈሪ ሥልጣን እየገነነ መሄዱን ባልቻ አልወደዱም። ወደ አዲስ አበባ በተጠሩ ጊዜ ብዙ ሠራዊት አስከትለው መጡ፤ ከከተማው ዳር ሰፈሩ፤ ጥቂት ጠባቂ ይዘው ለግብር ቤተ መንግሥት ገቡ። ግብሩን በልተው ሲመለሱ ሠራዊታቸው ተበትኖ ቆያቸው። ታሰሩ፤ ኋላም መነኮሱ። የዘመኑ ፖለቲካ በመድፍ ሳይሆን በብልኀት እንደሚሠራ ልጅነታቸው አላስተማራቸውም ነበር። ልጅነታቸው ያስተማራቸው ባመነህ ሰው ቤት ላይ አለመክዳትን ነው።

ጣልያን አገሩን በወረረ ጊዜ ግን ያው ትምህርት ሌላ መልክ ይዞ ተመለሰ። ዓድዋ ላይ መድፍ ያስተኮሱት ሰው ከአርባ ዓመት በኋላ፣ ሰባ ዓመትን አልፈው፣ የምንኩስናውን ጸጥታ ትተው ጠመንጃ አነሡ። በ1929 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ለጠላት አልገዛም ብለው ሲዋጉ ወደቁ። ልጅ ሳሉ ከውጊያ ሜዳ ላይ የተነሡት ባልቻ፣ ሽማግሌ ሆነው በውጊያ ላይ ተኙ። በመካከሉ ያለው ዘመን ሁሉ ለአንድ ቀን ውለታ የተሰጠ መልስ ይመስላል። የልጅነት ክብር ጀርባ አጥንት ይሰጣል፤ ጀርባ አጥንቱ ወደየት እንደሚራመድ ግን ሌላ ነገር ይወስነዋል። ይህን ሁለቱን ሳንለይ የባልቻን ሕይወት ብናነብ ወይ ጣዖት እናደርጋቸዋለን፣ ወይ ደግሞ እንጥላቸዋለን።

የዚህ ሁሉ ታሪክ ትልቁ ጉድለት ግን አጋጣሚነቱ ነው። ባልቻ እንዲታዩ ንጉሡ በዚያች ሰዓት በዚያች ሜዳ ማለፍ ነበረባቸው። ጥቂት ዕርምጃ ወዲያ የወደቀው ሌላው ልጅ አልታየም። ሴት ልጆችም በዚህ መንገድ የሚነሡበት ሥርዓት አልነበረም፤ ተማርከው የመጡት ሴቶች ወደ ወፍጮና ወደ ጓዳ ነው የገቡት። ክብር ከላይ፣ ከአንድ ሰው ዓይን ሲንጠባጠብ የሚደርሰው ለጥቂቱ ነው። ለሁሉም ልጅ፣ ሳይቆስልም ሳይማረክም፣ ለመድረስ ሌላ ዓይነት ሰው ያስፈልግ ነበር።

እንዲህ ያለ ሰው በ1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲከፈት መጣ። በ1915 ዓ.ም. ባሌ ውስጥ የተወለደው የመድረኩ ሰው ተስፋዬ ሳህሉ በልጆች ጊዜ ቀርቦ «ጤና ይስጥልኝ ልጆች!» አለ። ከአርባ ዓመት በላይም እንዲሁ ሲል ኖረ። አባባ ተስፋዬ ለልጆች ተረት በመተረካቸው ይወደሳሉ፤ ይገባቸዋልም። የእኔ ዓይን ግን ተረቱ ሳይጀመር በፊት ባለው ሰላምታ ላይ ያርፋል። «ጤና ይስጥልኝ» ለትልቅ ሰው፣ ለባዕድ፣ ለሚከበር የሚሰጥ ሰላምታ ነው። በእኛ ቤት ልጅ ሰላም ይላል እንጂ እንዲህ አይባልም። ሽማግሌው ግን ሰላምታውን ገለበጡት፤ ልጆቹም «ጤና ይስጥልን አባባ ተስፋዬ» ብለው መለሱ። ሰላምታ የቀረበለት ሰው መልስ የመስጠት መብትም ግዴታም አለበት። በየሰፈሩ ቴሌቪዥን ያለበት ቤት ተሰብስበው፣ በመስኮት ተንጠልጥለው ጭምር የሚያዩት ልጆች፣ በሳምንት አንድ ቀን የትልቅ ሰው ሰላምታ ይቀርብላቸው ነበር። «የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች» ሲሏቸውም ዛሬያቸውን ከነገ ጋር አስተሳስረው ነው። አባባ ተስፋዬ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሲያርፉ የቀበሯቸው ጎልማሶች ያለቀሱት ለተረቱ ብቻ አይመስለኝም። በዚያ ዕድሜያቸው አንቱታን ከቀመሱበት እጅ ጋር ነው የተሰናበቱት።

ከሰላምታ በኋላ ሕግ መጣ። በ1982 ዓ.ም. ኅዳር ወር የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን ጸደቀ፤ አንቀጽ 12 ልጅ በሚነካው ጉዳይ ሁሉ ሐሳቡን የመግለጽና የመሰማት መብት እንዳለው ይደነግጋል። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ደግሞ የአፍሪካ መሪዎች የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተርን አጸደቁ፤ ያጸደቁትም እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ፍርድ ቤት ጉዲፈቻን ከማጽደቁ በፊት የልጁን የራሱን አስተያየት እንዲመለከት አዘዘ። ከምርኮ ሜዳ ተወስዶ ያደገውን ልጅ፣ በጠረጴዛ ዙሪያ ዕጣው የተወሰነውን ዓለማየሁን ለሚያስታውስ ሰው ይህች አንቀጽ ቀላል አይደለችም። ልደታ የፍርድ ቤት ሰፈርም ናት፤ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የልደታ ምድብ እዚያ ያስችላል። በአገራችንም ልጅ በችሎት ፊት እንዳይሸበር በተለየ ክፍል ሆኖ ቃሉን የሚሰጥባቸው፣ ለሕፃናት የሚመቹ ችሎቶች ተቋቁመዋል። በምኒልክ ችሎት ብላቴናው ቆሞ ይሰማ ነበር፤ አሁን ችሎቱ ቁጭ ብሎ ልጁን እንዲሰማ ታዝዟል።

ሕግ ግን ቤት ለቤት አይዞርም። ሰንጋ ተራ በነበሩት ጠባብ ግቢዎች ውስጥ ልጅ ቁም ነገር የሚሰጠው በሌላ መንገድ ነበር፤ በመላክ። «ሂድና ለእትዬ እንዲህ በል» ይባላል። ልጁ ቃሉን በአፉ እያመላለሰ፣ እንዳይጠፋበት እየሮጠ፣ ደጅ ላይ ደርሶ ትንፋሹን ሳይሰበስብ ይናገራል። የላኪውን ቃል ሳይጨምር ሳይቀንስ ካደረሰ የጎረቤቲቱ ምርቃት ይከተለዋል፤ «እደግ! ተመንደግ!» ትለዋለች። ይህ የድሃ ሰፈር ሹመት ነበር። በጅሮንድም ባይሆን፣ ለዚያች ግማሽ ሰዓት የሁለት ቤት ነገር በእጁ ነበር።

እነዚያ ግቢዎች ባለፉት ሃያ ዓመታት ለመልሶ ማልማት ፈርሰው ነዋሪዎቹ በየአቅጣጫው ሄደዋል። ከተማ ማደግ አለበት፤ የፈረሰው ሁሉም መልካም ቤት ነበር የሚል የለም። ቢሆንም ቤቶቹ ሲቆጠሩ፣ ምትክና ካሣ ሲሰላ፣ ስብሰባ ሲጠራ፣ የት መጫወት እንደሚወድ፣ ከማን ጋር አንድ ትምህርት ቤት መቀጠል እንደሚፈልግ የተጠየቀ ልጅ ስንት ነበር? በአዲሶቹ ፎቆች ላይም ልጅ የሚላክበት ጎረቤት እምብዛም የለም፤ መልእክቱን ስልክ ያደርሰዋል። ልጁ ከመልእክት ሥራው ተሽሯል፤ በምትኩ የተሰጠው ሥራ ግን አይታወቅም።

ስለዚህ የባልቻ ታሪክ ለእኛ የሚተወው የቤት ሥራ ትንሽና ከባድ ነው። ማንኛችንም ንጉሥ አይደለንም፤ የግምጃ ቤት ቁልፍ ለልጅ የምንሰጥ አይደለንም። ነገር ግን በየቤታችን ልጅ ይጠይቃል፤ «ዝም በል» ማለት ይቀለናል። ልጅ ይናገራል፤ ዓይናችን ከስልካችን ላይ አይነሣም። ልጅ ያቦካል፤ ለእራት አይበቃም ብለን እንደፋዋለን። የተደፋው ቡኮ ለእራት ባይበቃም ለቁርስ ቂጣ ይሆን ነበር። ሰው ከ«እሱ» ወደ «እሳቸው» የሚሻገርበት ድልድይ የሚሠራው ከሹመት ቀን ሃያና ሠላሳ ዓመት ቀድሞ፣ ማንም በማያይበት ጓዳ ውስጥ፣ አንድ ትልቅ ሰው ጎንበስ ብሎ «እስቲ ንገረኝ» ባለበት ሰዓት ነው።